የሰማያዊዋ ፒካፕ ግንባር

በ1998 ዓ.ም. አረፋ እየተቃረበ ሳለ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ከቆቦ ወደ ዋጃ መውጫ ላይ ያለው የውዱ ጋራዥ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ሰዉ የአገዳ አጥሩን ከቦ ቆሟል። ውዱ ቀለም የጠገበ ቱታውን እንደለበሰ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ኢንስፔክተር ካሳው በሰዉ መሀል እየተጋፋ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የፈለገው ሬሳ ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

ውዱ ቀና ሳይል በእጁ ወደ ቀለም መቀቢያው ዳስ ጠቆመው። ዳሱ ስር የቆመችው አንዲት ሰማያዊ ፒካፕ ብቻ ናት።

ፒካፗን በቆቦ የማያውቃት የለም፤ ካሳው ብቻ ነው የማያውቃት። እሱ የመቄት ደገኛ ነው። ከተዛወረ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሙቀቱንም አገሩንም አልለመዳቸውም። መኪናዋ የጋሽ እንድሪስ ናት። ሽማግሌው ጉልበት ከድቷቸው መንዳት ካቆሙ ወዲህ ጓሮ ተጥላ፣ ዶሮ ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል ስትጥልባት ኖራለች። «እንደ ድሮዋ አድርግልኝ» ብላ ለውዱ የሰጠችው ልጃቸው ሀጀራ ናት። ውዱም ወራት ለፋባት። ዝገት የበላውን ላሜራ ቆርጦ በአዲስ በየደው፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ አለሰለሰው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ቀለም ነፍቶ፣ እንዲደርቅለት ትቷት ወደ ቤቱ ሄደ።

አሁን ያ ሁሉ ልፋት ኮፈኗ ላይ ገደል ገብቷል። ቀለሙ ከመስታወቱ ስር ጀምሮ ወደ ፊት ተጎትቶ ተሸብሽቧል። በላዩ የሚያብረቀርቅ ቅባት አለ፤ ቅባቱ ላይ ደግሞ አቧራ ተጣብቋል። የኋላ ስፖንዳውም እንዲሁ ሆኗል። በሮቹንና ጣሪያውን ግን ምንም አልነካቸውም።

ካሳው ሁለት ጊዜ ዞራት። ከፊት ጎማዋ ተነስቶ ኮፈኗ ላይ የሚወጣ የጉንዳን ሰልፍ አየ። ከፊት መብራቶቿ መሀል፣ ራዲያተሩ ፊት ባለው ወንፊት ላይ ደግሞ አንድ እፍኝ ለምለም ሳር ተሰክቷል።

«ውዱ፣ ጉንዳን ቀለም ይበላል እንዴ?»

«ጌታዬ፣ የቆቦ ጉንዳን ብረትም ይበላል።»

«ሳሩስ?»

«የአረፋ በግ የሚነዳ ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው። አንዱ ጥሎት ይሆናል እንጂ፣ ይሄ ምን ይጠቅምሃል?»

ካሳው ቀረብ ብሎ ቅባቱን ሊያሸት ሞከረ፤ ግን ዳሱ ውስጥ የቀለሙና የቲነሩ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ሌላ ነገር አያስለይም። ይህን ጊዜ ኮንስታብል እንዳለው ከኋላ ጎማው አጠገብ ጎንበስ አለና ባዶ ጣሳ አነሳ። የፍሬን ዘይት ጣሳ ነው።

ውዱ ከድንጋዩ ብድግ አለ። «ይኸው! ቀለም የሚገድል ነገር ቢኖር የፍሬን ዘይት ነው። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ግቢዬ ውስጥ አይገባም። ይሄ የሰላሁዲን ነው።»

«ማን ነው ሰላሁዲን?»

«ከመንገዱ ማዶ ያለው ጋራዥ ሜካኒክ። በቀደም በሰው ፊት ‹ውዱ ሬሳ እየኳለ ነው፤ መኪና በቀለም ይቆማል ወይ› ብሎ አዋርዶኛል። ልንማታ ስንል ነው ሰው የገባው።»

ዘበኛው አህመድ ተጠየቀ። ሌባ እንዳላየ፣ ማታ ለመግሪብ ሶላት ወጥቶ ሲመለስ ግቢው ፀጥ ብሎ እንዳገኘው ተናገረ። ከዚያ በላይ የጠየቀው ስለሌለ ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ሀጀራ ሱቋን ዘግታ የመጣችው ይሄኔ ነው። ኮፈኗን አየችና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

«የአባቴ ዓይን እየደከመ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለች። «ፈጽሞ ሳይጨልምባቸው ይዩዋት ብዬ ነው። በአረፋ ጠዋት በእሷ ወደ ሶላት ሜዳው ልወስዳቸው ነበር።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«ሰላሁዲንንስ አልጠረጥርም። ከጠየቁኝ የጎብዬው አላምረው አለ። ለሽንኩርት መጫኛ ሽጭልኝ ብሎ ስንት ጊዜ ተመላለሰ፤ እምቢ ስለው ተቀይሞ ነው የሄደው።»

*

አላምረው ጎብዬ ገበያ ላይ፣ የሽንኩርት ጆንያ ተደግፎ ሻይ ሲጠጣ ተገኘ። ሐሙስ ማታ የት እንደነበር ሲጠየቅ ሳቀ።

«ማኅበር ነበረብኝ። ጠጅ አንሶ ግማሹ ሰፈር እያማኝ ነው፤ ማንንም ጠይቅ።»

ኮንስታብል እንዳለው ሰፈሩን ጠይቆ ተመለሰ። እውነትም ጠጁ አንሶ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ገና አልበረደለትም።

«ስማኝ ኢንስፔክተር» አለ አላምረው፣ አሁን ሳቁን ትቶ። «አንተ እንግዳ ነህ፣ አታውቅም። ያኔ እንድሪስ ሲነዳት ከቆላው ቀበሌ ታማሚ የሚያወጣ ሌላ መኪና አልነበረም። እህቴን በምጥ ተይዛ፣ ውሃ ሙላት አቋርጦ ሐኪም ቤት ያደረሳት እንድሪስ ነው። ‹ስንት?› ስንለው ‹ወንድ ነው ሴት?› ብሎ ጠየቀን እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም። መኪናዋን የፈለግኳት እወዳት ስለነበር ነው። እኔ እሷ ላይ እጄን አነሳለሁ?»

ወደ ቆቦ ሲመለሱ ኮንስታብሉ እንዳለው ዝም ማለት አልቻለም።

«ጋሽ እንድሪስ እኔንም ወስደውኛል እኮ፣ እባብ ነድፎኝ» አለ።

«እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«ምስክርነት መች ጠየቅኸኝ?»

*

ሰላሁዲን ሃያ ዓመት ያለፈው ቀጭን ልጅ ነው። ጣሳውን ሲያሳዩት የእሱ መሆኑን ወዲያው አመነ፤ ወንጀሉን ግን በቁጣ ካደ።

«እኔ? የጋሽ እንድሪስን መኪና? ወላሂ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ውዱን አልወደውም፣ መኪናዋ ግን ምን አደረገችኝ?»

«ታዲያ ጣሳህ እዚያ ምን ይሠራል?»

ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። ካሳው ወደ ጋራዡ ወሰደው። ሰላሁዲን ዳሱ ስር ገብቶ ኮፈኗን አየ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው፤ ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። ከዚያ ዓይኑ ወንፊቱ ላይ ወደተሰካው ሳር ሄደ። ካሳው ፊቱን እየተከታተለ ነበርና ቁጣው እንዴት ሟሽሾ እንደጠፋ አየ።

«እኔ ነኝ» አለ ሰላሁዲን።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ ያበላሸኋት። የፍሬን ዘይት አፈሰስኩባት። ጻፉት።»

ውዱ ሊደሰት ሲገባው አልተደሰተም፤ የልጁን ፊት አይቶ እሱም ዞር አለ። ሰላሁዲን ታሰረ።

በማግስቱ ጋሽ እንድሪስ በሀጀራ ትከሻ ተደግፈው ፖሊስ ጣቢያ መጡ። ካሳው ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

«ይህን ልጅ እኔ ነኝ ከነእርጥቡ ከመኪናው ላይ ያወረድኩት» አሉ። «በሰባ ሰባት ነው። እናቱን ሀስናን ከቆላ ጭኛት ስመጣ፣ የጎሊናን ወንዝ ሳንሻገር መጫኛው ላይ ተገላገለች። እሱ ነው እንዲህ አደረገ የምትሉኝ?»

«ራሱ ነው ያመነው፣ ጋሽ እንድሪስ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አሻሹ። «እሱ ከሆነ መኪናዋን አልፈልጋትም። ሀጀራ፣ ለዚያ ለሽንኩርት ነጋዴ ስጪው። በሰው ዘንድ መልካም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።»

ሀጀራ አለቀሰች። ካሳው ስንት ገዳይ ይዟል፤ እንዲህ ግን ተጨንቆ አያውቅም። የያዘው ትክክለኛውን ሰው ከሆነ ሽማግሌው የልፋታቸውን ዋጋ አጥተው ይሞታሉ። ትክክለኛውን ካልሆነ ደግሞ አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ወህኒ ይወርዳል።

*

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ተመለሰ።

«ውዱ፣ በዚሁ ቀለም ሐሙስ የቀባኸው ሌላ ብረት አለህ?»

«እንዴታ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ቁራጭ ላሜራ ላይ ነው የምሞክረው።»

ቁራጩ መጣ። ካሳው ከሰላሁዲን ጋራዥ ያስመጣውን የፍሬን ዘይት አፈሰሰበትና ሁለቱም ጥላ ስር ተቀምጠው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ቀለሙ አረፋ አወጣ፣ አበጠ፤ ውዱ በጨርቅ ሲያብሰው እስከ ብረቱ ድረስ ተላጦ ተነሳ።

ሁለቱም ተነስተው ወደ ኮፈኗ ሄዱ። እዚያ ብረት አይታይም። ቀለሙ ተጎትቷል እንጂ አልተላጠም።

«የፍሬን ዘይት አይደለም» አለ ውዱ ቀስ ብሎ። «ልጁ ዋሽቷል።»

«ታዲያ ጣሳውን ምን አመጣው?»

ውዱ ድንገት ጋቢናዋ ውስጥ ገብቶ የፍሬኑን ፔዳል ረገጠ። ደጋግሞ ረገጠው።

«ይሄ እስከ ወለሉ ይሰምጥ ነበር እኮ! አሁን ድንጋይ ነው።»

ከመኪናዋ ስር ገብቶ አየ። የፍሬኑ የጎማ ማሸጊያዎች ሁሉ ተቀይረዋል፣ አዲስ ዘይትም ተሞልቷል። ካሳው ዘበኛውን ጠራው።

«አህመድ፣ ሰላሁዲን እዚህ ገብቶ ያውቃል?»

«አዎ፣ ውዱ ቀለም ሊገዛ ወልድያ የሄደ ዕለት። መኪናዋ ስር ሲሠራ ውሎ ነው የወጣው። ‹ጋሽ እንድሪስ ያለ ፍሬን ወጥተው እንዳይሞቱ ነው፤ ለውዱ እንዳትነግረው፣ ይጣላኛል› አለኝ።»

«ለምን አልተናገርክም ታዲያ?»

«እናንተ የጠየቃችሁኝ ሌባ አይቼ እንደሁ ነው። እሱ ምን ሰረቀ?»

ውዱ ቱታው ላይ እጁን እያበሰ መሬት መሬት አየ። ካሳው ግን ሌላ ጥያቄ ነበር የያዘው። ለመኪናዋ በድብቅ ፍሬን የሠራ ልጅ፣ ያላደረገውን አደረግኩ ብሎ የሚታሰረው ለማን ብሎ ነው?

*

መልሱ ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

እማ ሀስና እንደ ወትሮዋ ለልጇ ምሳ ይዛ መጥታለች። ቂጣው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። ሙቀቱ ቅቤውን አቅልጦት በጨርቁ አልፎ ደረጃው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታው ካለበት እስከ ግድግዳው ስንጥቅ ድረስ ጉንዳን ተሰልፏል።

ካሳው ሰልፉን ቆሞ አየው። ከዚያ እጇን አየ። መዳፏ መስመር ውስጥ፣ ጥፍሯም ስር ስስ ሰማያዊ አለ።

አጠገቧ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «እማ ሀስና፣ እጅዎን ምን ነካው?»

«ይሄማ በረካዬ፣ በረከቴ ነው። አላጠብኩትም።» መዳፏን ወደ እሱ ዘረጋች። «ስማኝ ልጄ፣ ያ ልጅ ይህን አላደረገም። ደሞም ያቺ መኪና መርዝ የሚነካት አይደለችም፤ እኔ አስቀድሜ አስጠብቄያታለሁ።»

«እንዴት አድርገው ነው ያስጠበቋት?»

«እንዴት ይባላል? እንደ ወጉ ነዋ። ሐሙስ መግሪብ ላይ ሄድኩ፣ ዘበኛው ለሶላት ወጥቷል። ሙሽራ ሲወጣ ግንባሩን ቅቤ ይቀባ የለም? እሷም አዲስ ልብስ ለብሳ ልትወጣ ነው፤ ሳይቀቧት ትውጣ? ከጎሊና መስኖ ዳር ለምለም ሳር አጨድኩላት፣ ፊቷ ላይ ሰካሁላት። ግንባሯን ቀባሁ። ኋላዋንም ቀባሁ፣ እዚያ ነው አላህ የገላገለኝ። እንድሪስን በሰላም ያውጣው ያግባው ብዬ ዱዓ አደረግኩ። ዓይኔ በምሽት አያይም፤ ቤቴ ገብቼ በኩራዝ ሳየው ቀለሟ እጄ ላይ ቀርቷል። አልሀምዱሊላህ አልኩ፣ እሷም መለሰችልኝ።»

ካሳው አፉን ከፈተ። ቀለም ሳይደርቅ አይነካም፣ መርዝ የለም፣ ልጅዎን ያሳሰሩት እርስዎ ነዎት ሊል ነበር። የተዘረጋውን መዳፍ አየና አፉን መልሶ ዘጋው።

«ልጅዎ ዛሬ ይፈታል» አለ።

«አላወቅህም እንጂ እኔ ታውቆኝ ነበር» አለችና ቂጣውን ሰጠችው። «አብሽር፣ አይዞህ። አንተም ብላ፣ ከስተሃል።»

*

ሰላሁዲን የካሳውን ፊት ሲያይ ነገሩ እንደታወቀ ገባው።

«ነገሯት?» አለ፣ ከተቀመጠበት ተነስቶ።

«አልነገርኳትም።»

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ። «ቅቤውን ሳሸተው ገባኝ። ሳሩን ደግሞ እሷ ናት እንዲህ የምትሰካው፣ ለበሬም ለሙሽራም። ኢንስፔክተር፣ እናቴ ያላት ነገር ዱዓዋ ብቻ ነው። ‹ዱዓሽ መኪናዋን አበላሸ› ከምትሏት እኔ ብታሰር ይሻለኛል።»

«ከሳሹን ጋሽ እንድሪስን ላናግር» አለ ካሳው። «እሳቸው ግን እውነቱን ማወቅ አለባቸው።»

ጋሽ እንድሪስ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ካሳው ሲጨርስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሀጀራ ደንግጣ ተነሳች፤ ሽማግሌው ግን እየሳቁ ነበር። ሳቁ ቀስ በቀስ ወደ እንባ ዞረ።

«ሀያ ዓመት» አሉ። «እኔ እኮ ሰው የረሳኝ መስሎኝ ጓሮ ለጓሮ ዝገት ስቆጥር ነበር። እሷ ቅቤ ይዛ ትመጣለች፣ እሱ ስር ለስር ገብቶ ፍሬን ይሠራል። ጌታ ለማን እንዲህ አድርጎለት ያውቃል?» በመዳፋቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ክስ የለኝም፣ ልጄ። ሀስናም አትስማ። አንተንም አላህ ይስጥልኝ፤ መኪናዬን ልሸጣት ነበር።»

ካሳው ከዚያ ቤት ሲወጣ ሙቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልከበደውም። ለምን ፖሊስ እንደሆነ የጠየቁትን ሰዎች ሁሉ ያኔ ቢያገኛቸው ደስ ባለው ነበር።

ለውዱም ተነገረው። «ቅቤ» አለ። «አፍንጫዬን ቲነር ገድሎት ነው እንጂ...» ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ሰላሁዲን ቱታውን እየለበሰ ነበር። ውዱ የብርጭቆ ወረቀት ዘረጋለት።

«ና፣ ኮፈኗን አብረን እንሽ። ፍሬኑን ግሩም አድርገህ ነው የሠራኸው።»

*

የአረፋ ዕለት ጠዋት ፒካፗ ከጋራዡ ደጃፍ ቆማለች፤ ሰማያዊ ቀለሟ ዓይን ይስባል። ጋሽ እንድሪስ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ፊቷን ተጠግተው እያዩ በጣታቸው ይዳስሷታል። ሰላሁዲን መሪ ጨብጧል። ካሳውና እንዳለው የበዓል ጥበቃ ላይ ነን ብለው መጥተዋል፤ ማንም አላመናቸውም።

እማ ሀስና በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለች። በአንድ እጇ ለምለም ሳር፣ በሌላው ትንሽ ቅል ይዛለች።

ውዱ ደነገጠ። ሰላሁዲን ከመሪው ላይ እጁን አነሳ። ሀጀራ ወደ ካሳው ዞረች፣ ካሳው ወደ ውዱ። ሴትዮዋ ደረሰች፣ ሳሩን ወንፊቱ ላይ ሰካች፣ ጣቷን ቅሉ ውስጥ ነከረች።

«ቆይ፣ እማ ሀስና» አለ ውዱ።

ውዱ ከኪሱ ንጹሕ ጨርቅ አወጣና ኮፈኗ ላይ ያረፈውን አቧራ ከዳር እስከ ዳር ጠረገ። በጣቱ ጀርባ ቀለሙን ነካው፤ ደርቋል።

«አሁን ይቀቧት» አለ።

ግንባሯን ቀባቻት፣ ዞራ ስፖንዳዋን ቀባች፤ ለሽማግሌው፣ ለልጇ፣ ለመንገዱም ዱዓ አደረገች። «አሚን» አሉ ሁሉም። ስትጨርስ ውዱ ሳይጠራ መጥቶ ፊቷ ጎንበስ አለ። እሱንም ቀባችው። ካሳውም ቆቡን አወለቀ።

ፒካፗ በክላክስ ተሰናብታ ወደ ሶላት ሜዳው ሄደች። ሁለቱ ፖሊሶች በእግራቸው ወደ ጣቢያው አዘገሙ። ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤው ቀልጦ ከካሳው ግንባር ወደ ቅንድቡ፣ ከቅንድቡ ወደ ጉንጩ መውረድ ጀመረ። እንዳለው አይቶ መሀረቡን አውጥቶ ዘረጋለት።

«ተወው» አለ ካሳው። «ጉንዳን እስኪመጣ ይቆይ።»